ካናቢኖይዶችና የአልዛይመር በሽታ

ካናቢኖይዶች በካናቢስ ተክል ውስጥ የሚገኙ ውህዶች ናቸው። የማስከር ባሕርይ ያለውን ቲኤችሲን ራፋኤል መሹላምና ይሒኤል ጋኦኒ በ1964 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ ለይተው አወጡት። አንጎል ራሱም መሰል ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል።

በአልዛይመር በሽታ ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን በአንጎል ይከማቻል። በ2016 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳልክ ተቋም ባልደረባ ዴቪድ ሹበርትና አጋሮቹ ይህን ፕሮቲን በብዛት እንዲያመርቱ የተደረጉ የሰው ነርቭ ሴሎችን መረመሩ። ፕሮቲኑ ሴሉ ውስጥ ሲጠራቀም ብግነት ይቀሰቅሳል፤ ሴሉም ይሞታል። ቲኤችሲ ሲጨመር ግን ክምችቱ ቀነሰ፣ ብግነቱ ረገበ፣ ሴሎቹም ተረፉ። ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ብግነቱ ከነርቭ ሴሉ ከራሱ መነሣቱ ነው፤ ቀድሞ የሚታሰበው ከአጎራባች የመከላከያ ሴሎች እንደሚመጣ ነበርና።

በ2017 ከጀርመን ቦን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አነስተኛ ቲኤችሲ የአሮጌ አይጦችን የማስታወስ ችሎታ እንዳሻሻለ፣ የወጣቶቹን ግን እንዳዳከመ አሳየ።

ይሁንና በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያለ ሴል ሕመምተኛ አይደለም። በ2015 ይፋ በሆነ የኔዘርላንድስ ሙከራ፣ የመርሳት ችግር ላለባቸው ሰዎች በቀን 3 ጊዜ የተሰጠ 1.5 ሚሊግራም ቲኤችሲ የባሕርይ መታወክን ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ አላቃለለም፤ ሙከራው ግን አንጎልን ከጉዳት መከላከሉን አልፈተሸም።