ካሜራው በማን እጅ ነው?

ወሎን ዓለም ያወቃት በሌላ ሰው ዓይን ነው። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ በጠናበት ወቅት ገበሬው ከደሴ መርሳን አቋርጦ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ወጥቶ የመንገደኛ እጅ ይጠብቅ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚያው ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለተማሪው ቢያሳዩም መንግሥት ጆሮ ነሳቸው። በጥቅምት 1966 ግን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘውን ፊልሙን በብሪታንያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ዓለምም ደነገጠ። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር አቀላቅሎ ለሕዝብ አቀረበው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ያ ፊልም ለብዙዎች እህል አስገኝቷል፤ ውለታውን አልክድም። ነገር ግን እኔ የወልድያ ልጅ ነኝና፣ በዓለም ዘንድ የቀረው የወገኔ ፊት እንጂ ስሙ እንዳልሆነ ሳስብ ይቆጨኛል።

በዚያው በ1966 ዓ.ም. ሌላ ካሜራ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር። ባለቤቱ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ ነው። አባቱ ገሪማ ታፈረ አርበኛ፣ መምህር፣ ተውኔት ጸሐፊና የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ ነበሩ። ልጁ ግን በምድጃ ዳር ከሚሰማው የአያቱ ተረት ወጥቶ ሲኒማ ቤት ሲገባ ያገኘው ታርዛንን ነበር። አፍሪካውያኑ ታርዛንን ከኋላው ሲያደቡበት፣ ልጆቹ «መጡብህ!» ብለው ለታርዛን ይጮኹ እንደነበር ኃይሌ ደጋግሞ ተናግሯል። የራስን ወገን በባዕድ ዓይን አይቶ መጥላት እንዴት እንደሚለመድ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ለዚያ ጩኸት የተሰጠ መልስ ነው። በጥቁርና ነጭ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን፣ በሁለት ሳምንት ገደማ የተቀረጸ ፊልም ነው። ገበሬው እዚያ ያርሳል፣ በአማርኛው ይከራከራል፣ ያልማል፤ የባላባቱን ላም ለማዳን ስትል ጎርፍ የሚወስዳት ልጅም ስምና ቤተሰብ አላት። ድህነቱ አልተሸሸገም፤ ሰውነቱም አልተገፈፈም።

ይህ ነፃነት በርካሽ አልተገኘም። «ሳንኮፋ» ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያልቅ አከፋፋዮች ፊት ቢነሱት፣ ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ ይዞት ዞረ። «ጤዛ» አሥራ አራት ዓመት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ተሸለመ። ከሽልማቱ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ፣ ታሪኩን ለሌላ ላለመስጠት ሲል አሥራ አራት ዓመት መታገሡ ነው።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ገብቶ ወራት ሲከርም፣ ስለ እኛ የተነገረው በአብዛኛው በሩቅ ሰዎች አፍ ነበር፤ ለሁለተኛ ጊዜ ፊታችን ያለ ስማችን ዞረ። ዛሬ ካሜራ በየወጣቱ ኪስ ውስጥ አለ። የጎደለው፣ የሀብሩን ገበሬ ማሽላውን ከማማ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ፣ የመርሳን እናት ፍሬዋን አስፋልት ዳር ደርድራ ስትሸጥ ቁጭ ብሎ የሚያይ፣ ስማቸውንም የሚጠይቅ ሰው ነው። ያ ሰው ፊልሙን በአሥራ አራት ዓመትም ቢጨርሰው እኛ እንጠብቀዋለን፤ ብቻ ይጀምር።