ከበር ላይ የቆመው ወገናችን፦ ስለ ጥበቃ ሥራ ታሪክ ጥቂት

ማኅበራችን የተቋቋመበት አሥረኛ ዓመት በሚከበርበት በዚህ ወቅት ስለ መሥራቾቹ፣ ስለ ዕድሩና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ሌሎች ወገኖች በዚህ መጽሔት እንደሚጽፉ እናምናለን። እኛ ደግሞ እስካሁን ብዙ ስላልተጻፈለት አንድ የእንጀራ መስክ ታሪክ ጥቂት ማለት ወደድን። በስብሰባችን ላይ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ዘግይቶ የሚገባ፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ሰዓቱን አይቶ ብድግ የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። «ሥራ አለብኝ» ይላል፤ የት እንደሆነ አንጠይቀውም፣ እናውቀዋለንና። ቡርንስቪል ከሚኖረው ወገናችን መካከል አባት፣ ወንድም ወይም ልጅ በሴኩሪቲ ሥራ ያላለፈበት ቤተሰብ ቢኖር ጥቂት ነው። ታክሲ ከምንነዳውም ብዙዎቻችን የጀመርነው እዚያው ነው።

«ዘበኛ» በአገራችን ከፍ ብሎም ዝቅ ብሎም የሚነገር ቃል ነው። ከፍ ሲል የክብር ዘበኛ አለ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተውጣጣው ከክብር ዘበኛ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡን የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከመሩት አንዱም የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ። ዝቅ ሲል ደግሞ የግቢ ዘበኛ አለ፤ ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ከጎኑ አስቀምጦ፣ በአጥሩ ጥግ በተሠራች የቆርቆሮ ክፍል የሚያድረው። በር ይከፍታል፣ መኪና ያጥባል፣ ሱቅ ይላካል፣ ሌሊቱን ይጠብቃል፤ ሥራው የት ላይ እንደሚያበቃ የወሰነለት የለም። ደብተሩን ይዞ የማታ ትምህርት የሚማርም ከመካከላቸው ነበረ። በስሙ የሚጠራው ሰው ግን ጥቂት ነው። ወገናችን እዚህ አገር ሴኩሪቲ ሲሠራ ለቤተሰቡ ደውሎ «ቢሮ ውስጥ ነኝ» የሚለው ስለዚህ ይመስለናል። ውሸት አይደለም፤ ቢሮው መግቢያ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የጥበቃ ሥራ ሌላ የትውልድ ሐረግ አለው፤ ይህን ሳናውቅ የዛሬውን ደመወዝ ለመረዳት ይቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1850 አካባቢ ከስኮትላንድ የተሰደደው አለን ፒንከርተን ቺካጎ ላይ በስሙ የሚጠራውን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ እያደረ ባለፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸው አድማ ሲመቱ የሚጠሩት ኃይል ሆነ። በጁላይ 6 ቀን 1892 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሆምስቴድ በተባለ ቦታ 300 ያህል የፒንከርተን ሰዎች በጀልባ ተጭነው ወደ ብረት ፋብሪካው ሲቀርቡ ከአድመኞቹ ጋር ተታኩሰው ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ዘበኛው ከባለንብረቱ ወገን፣ ሠራተኛው ከወዲያ ማዶ ሆኖ የመታየቱ ልማድ በዚያ ዘመን ሥር ሰደደ።

ልማዱ ሕግ ሆኖ የተጻፈው ደግሞ በ1947 ነው። ታፍት ሃርትሊ የሚባለው ሕግ የፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ጥበቃዎችንና ሌሎች ሠራተኞችን አንድ ላይ ለያዘ ዩኒየን የጥበቃዎች ተወካይ ነህ ብሎ ዕውቅና እንዳይሰጥ ከለከለ። ፋብሪካው ሲያድም ዘበኛው ከአድመኛው ጋር እንዳይወግን ነው። ይህ ሕግ ዛሬም አልተሻረም። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሌሊቱን አብረው የሚሠሩ የጽዳት ሠራተኛና ጥበቃ (ባልና ሚስት የሆኑም እናውቃለን) በአንድ ዩኒየን ለመታቀፍ የኩባንያው ፈቃደኛነት ያስፈልጋቸዋል። ኩባንያው እምቢ ካለ ቦርዱ አያስገድድላቸውም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ወገናችን ወደ ሚኒሶታ የመጣው በስደተኝነት፣ በቤተሰብ ጥሪ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በዲቪ ዕጣ ነው። ብዙው የተማረ ነው፤ ዲግሪውን ግን እዚህ የሚያነብለት አላገኘም። ለሴኩሪቲ ሥራ የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ፣ ከወንጀል ነፃ መሆንና አጭር ሥልጠና ነው። የሚኒሶታ ሕግ ለአንድ ጥበቃ በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት 12 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 6 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ የሳበን ግን ጠረጴዛው ነበር። ሌሊት ሕንፃው ጭር ሲል መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ ይቻላል ተባለ። «ሁለት ዓመት ሠርቼ ትምህርቴን ልጨርስ» ያላለ የለም። አንዳንዱ በእውነት ጨርሶ ነርስና መሐንዲስ ሆኗል። የሌላው ሁለት ዓመት አሥራ ሁለት ሆነ።

ከመካከላችን በ1993 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ የነበርን ደግሞ አንድ ነገር ይገርመናል። በዚያ ሚያዝያ ተማሪው ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ይውጣልን የሚል ነበር። ነገሩ ወደ ከተማው ወጥቶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙው ታሰረ፣ ትምህርቱን አቋርጦ የተሰደደውም ቀላል አይደለም። ከዚያ ትውልድ የተወሰነው ከዓመታት በኋላ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ባጅ ለጥፎ መግቢያ ላይ መታወቂያ ጠያቂ ሆነ። ስንገናኝ እየተባባልን እንስቅበታለን።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት መቀመጥ ይመስላል። የጠረጴዛው ሥራ የሚደርሰው ግን ለቆየ ሰው ነው። አዲሱ ሰው የሚላከው ጃንዋሪ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ራምፕ እንዲዞር ነው፤ ጣሪያ አለው እንጂ ግድግዳ የለውም። ወይም የሚኒያፖሊስን ስካይዌይ ይጠብቃል። ከ1962 ጀምሮ ሕንፃ ከሕንፃ እያያዘ የተዘረጋው ይህ የመስታወት መንገድ ዛሬ ወደ 80 ብሎክ ያህል ያገናኛል፤ ብርድ የሸሸው ቤት የለሽ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ሂድ ውጣ ማለት ያለበት ጥበቃው ነው። እሱ ራሱ ትላንት መጠለያ ያደረ ስደተኛ ሊሆን ይችላል። ስድብ የሚሰማው እሱ፣ ዱላ የሚያገኘው እሱ፣ «ለምን አስወጣህ» ወይም «ለምን አላስወጣህም» የሚባለውም እሱ ነው።

ተረካቢ ካልመጣ ደግሞ ቦታ ጥሎ መሄድ አይቻልም። ከመካከላችን አንዱ በበረዶ ማዕበል ሌሊት፣ ስሙን በማንጠቅሰው ኩባንያ ውስጥ፣ 16 ሰዓት ቆሞ አድሯል፤ አለቃው በስልክ «ጀግና ነህ» አለው፤ በማግስቱ ለሁለተኛ ሥራው ስላልደረሰ ከዚያኛው ተባረረ። ሁለተኛ ሥራ ያልነው የተለመደ ስለሆነ ነው። ከ1938 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራው አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። ሆኖም የሚቆጠረው በአንድ አሠሪ ዘንድ የተሠራው ነው። ለአንዱ ኩባንያ 40፣ ለሌላው 40 የሠራ ሰው 80 ሰዓት ሠርቶ የአንዲት ሰዓት ኦቨርታይም አያገኝም። ሌሊት ታክሲያችን ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ሳያስር እንቅልፍ የሚወስደው ይህ ሰው ነው። በዲሴምበር 2021 ኦሬንጅ ላይን የተባለው አውቶቡስ ከሚኒያፖሊስ ቡርንስቪል መመላለስ ከመጀመሩ በፊት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከሥራ ወጥቶ ያለ መኪና ወንዙን የሚሻገር ሰው የሁለት ሦስት ሰዓት ደመወዙን ለእኛ ከፍሎ ነበር የሚገባው። መቀበሉ ይከብደናል፤ እንቀበላለን።

ደመወዙ ለምን ዝቅ አለ? ኩባንያው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ባለሕንፃው ጥበቃን ራሱ አይቀጥርም፤ ለኩባንያዎች ጨረታ ያወጣል። ኩባንያው ከሚያወጣው ወጪ ትልቁ የሰውየው ደመወዝ ስለሆነ ጨረታ ለማሸነፍ የሚቀነሰው እሱ ነው። ኮንትራቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ሲያልፍ ዩኒፎርሙ ይቀየራል፤ ሰውየው እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የዕረፍት ቀኑና የአገልግሎት ዘመኑ ግን እንደገና ከዜሮ ሊጀመርበት ይችላል። ኩባንያዎቹ ራሳቸው እየተዋዋጡ ገዝፈዋል። የስዊድኑ ሴኩሪታስ በ1999 ያንን ፒንከርተንን፣ በ2000 ደግሞ በርንስን ገዛ፤ በ2016 ከሁለት ኩባንያዎች ውህደት የተፈጠረው አላይድ ዩኒቨርሳል በ2021 የእንግሊዙን ጂ ፎር ኤስ ጠቀለለ። አንድ የሕንፃ ዘበኛ ከእንዲህ ያለ ድርጅት ጋር ብቻውን ስለ ደመወዝ ሲደራደር መገመት ነው።

የደመወዝ ማነስ ምን እንደሚያስከትል አገሩ አንድ ጊዜ አይቶታል። እስከ 2001 ድረስ በአውሮፕላን ጣቢያዎች ሻንጣ የሚፈትሹት በአየር መንገዶች የተቀጠሩ የግል የጥበቃ ኩባንያዎች ሠራተኞች ነበሩ፤ በዚህ ሥራ ብዙ ስደተኛ ነበረበት። የኮንግሬስ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2000 ባወጣው ሪፖርት፣ ከሜይ 1998 እስከ ኤፕሪል 1999 በ19 ትልልቅ ጣቢያዎች የፈታሾቹ የመለዋወጥ መጠን በአማካይ 126 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ምክንያቱ የደመወዝ ማነስ መሆኑንም ገልጿል። የሰማው አልነበረም። ከሴፕቴምበር 11 በኋላ በኖቬምበር 19 ቀን 2001 የወጣው ሕግ ሥራውን ወደ መንግሥት አዛወረው፤ ደመወዙ ከፍ አለ፤ ነገር ግን ፈታሽ የሚሆነው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። ግሪን ካርድ ብቻ የነበረው፣ በትንሽ ደመወዝ ዓመታት የፈተሸው ሰው ደመወዙ ሲስተካከል ከበሩ ተሸኘ። ይህን ክፍል ለልጆቻችን ብንነግራቸው አይጎዳም።

በመንትዮቹ ከተሞች የተሻለው ነገር የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። የጽዳት ሠራተኞችን ያቀፈው የኤስ ኢ አይ ዩ ዩኒየን ሎካል 26፣ በ1947ቱ ሕግ ምክንያት በቦርዱ በኩል መሄድ ስለማያዋጣው፣ ኩባንያዎቹ ዕውቅና እንዲሰጡ በመገፋፋት ጥበቃዎችን አደራጀ። በፌብሩዋሪ 2008 በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ያሉ ጥበቃዎች ለአንድ ቀን ሥራ አቁመው በብርድ ሰልፍ ወጡ። ዋናው ጥያቄ አቅም የሚፈቅደው የጤና ኢንሹራንስ ነበር፤ ሌላውን የሚጠብቅ ሰው ሲታመም ሐኪም ዘንድ መሄድ አይችልም ነበርና። ከዚያ ወዲህ ድርድሩ በየጥቂት ዓመቱ ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር እየተያያዘ ሄዷል፤ በማርች 2024 በሺህ የሚቆጠሩ የጽዳት ሠራተኞች ሥራ ባቆሙበት ሰሞን የጥበቃዎቹም ኮንትራት በድርድር ላይ ነበር። የሆምስቴዱ ግድግዳ በአንድ ሕንፃ ውስጥ በዚህ መልኩ ተሸረሸረ።

ይሁንና የዩኒየኑ ጉልበት ይበልጡን በመሀል ከተማው ትልልቅ ሕንፃዎች ነው። ሕጉም እንደዚያው ነው። ሚኒያፖሊስ በ2017፣ ሴንት ፖል በ2018 የራሳቸውን ዝቅተኛ ደመወዝ ወሰኑ። ቡርንስቪል የራሷ የላትም፤ የሚሠራው የክልሉ ነው። በ2025 የሚኒያፖሊስ ወለል በሰዓት 15.97 ዶላር ሲሆን የክልሉ 11.13 ነበር። ልዩነቱ 4.84 ነው፤ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር ይበልጣል። እርግጥ ብዙ ኩባንያ ከክልሉ ወለል በላይ ይከፍላል፤ ምን ያህል በላይ የሚለውን ግን ሕግ ሳይሆን ኩባንያው ይወስናል። እዚህ ላይ ብዙ አባል የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሚቆጠረው የምንኖርበት ሳይሆን የምንሠራበት ከተማ ነው። ቡርንስቪል አድሮ ሚኒያፖሊስ ሕንፃ የሚጠብቅ ሰው የሚኒያፖሊስ ደመወዝ ይገባዋል። ሚኒያፖሊስ የሚኖርና ካውንቲ ሮድ 42 ላይ መጋዘን የሚጠብቅ ግን አያገኘውም።

ከደመወዙ ቀጥሎ የሚነሣው ዕረፍት ነው። ብቻውን የተመደበ ጥበቃ ራዲዮውን ከፍቶ፣ አንድ ዓይኑን በር ላይ አድርጎ ነው ምሳውን የሚበላው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥበቃዎች ይህንን ይዘው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ በዲሴምበር 2016 የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራዲዮ ከፍቶ የሚጠበቅበት ዕረፍት ዕረፍት አይባልም ብሎ 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈረደውን የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ አጸናላቸው። የሚኒሶታ ሕግ ለረጅም ጊዜ «በቂ ጊዜ» ከማለት ያለፈ ቁጥር አልነበረውም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግን በየ4 ሰዓቱ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ 6 ሰዓት ለሠራ ደግሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ የምግብ ጊዜ ተቆርጦ ተጽፏል። ከ2024 ጀምሮ በየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት የሚጠራቀም የሕመም ፈቃድም አለ። ሁለቱም በክልሉ ሁሉ የሚሠሩ ስለሆኑ ከወንዙ ወዲህ ላለነውም ይደርሱናል።

እነዚህን ለመጠየቅ ወረቀት ያስፈልጋል። ከጁላይ 2019 ወዲህ አሠሪ ሁሉ ሥራ ሲያስጀምር ደመወዙን፣ የክፍያ ቀኑንና የሕመም ፈቃዱን የሚገልጽ ማሳወቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ሠራተኛው ከጠየቀም በሚፈልገው ቋንቋ፣ በአማርኛም ጭምር ሊሰጠው ይገባል። ብዙው ሰው ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ከትቶታል። ያን ወረቀትና የመጨረሻዎቹን ሁለት የደመወዝ ደረሰኞች ይዞ የሚመጣ አባል ካለ፣ እሑድ ከስብሰባ በኋላ ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ ሰዓቱን መቁጠር ይችላል። ሌሊት የሚሠራ ከሆነና ለስብሰባው የማይደርስ ከሆነ ደግሞ ይደውልልን፤ እኛም ሌሊት ነው የምንሠራው።