ዓሣ እንደ ታሪክ ሰነድ፦ የጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች



ስለ ግዙፍ ዓሣ ለመናገር ከየካ መነሣት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከበላያችን ያለው የእንጦጦ ተራራ የውኃ ድንበር ነው። በደቡብ ተዳፋቱ የሚወርደው ዝናብ በቀበናና በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል፤ በሰሜን የሚወርደው በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ የዓባይ ውኃ ግን እስከ ሜዲትራንያን ይዘልቃል። ዓሣ የብስ አይሻገርምና፣ የት እንደሚኖር የሚወስኑት እንዲህ ያሉ ድንበሮች ናቸው።

ናይል ፐርች እስከ 2 ሜትር ሊረዝም፣ እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። የጥንት ግብፃውያን አክብረውት በኢስና ከተማ በድኑን እያደረቁ ይቀብሩት ነበር፤ ግሪኮችም ከተማዋን በዓሣው ስም ላቶፖሊስ ብለዋታል። በአገራችን በባሮ፣ በኦሞ፣ በአባያና በጫሞ ይገኛል። በአዋሽ የለም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሚያግደው ጣናም አልደረሰም።

ታዲያ ዛሬ ከናይል ጋር ወደማይገናኘው ጫሞ እንዴት ገባ? ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ምሥራቅ አፍሪካ እጅግ ዝናባማ ነበረች። ጫሞ ሞልቶ ወደ ጨው ባሕር፣ ጨው ባሕር ወደ ቱርካና፣ ቱርካናም ወደ ናይል ይፈስ ነበር። ዝናቡ ሲቀንስ መንገዱ ተዘጋ፤ ዓሣው በሐይቁ ቀረ። ስለዚህ በጫሞ የሚዋኘው ናይል ፐርች የጠፋ ወንዝ ሕያው ምስክር ነው።

ይህ ምስክር ዛሬ ተመናምኗል። ናይል ፐርች ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ብዙውን እንቁላል የሚጥሉት ትልልቆቹ እንስቶች ናቸው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ግን ትንሹን ሳይራባ ያስቀረዋል። ስለ ዓሣ ሀብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በሐይቁ ዳር እንጂ በወረቀት አይደለም።

«ካለቀ ከሌላ ቦታ አምጥተን እንጨምራለን» የሚል አይጠፋም። ቪክቶሪያ ሐይቅን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች በሰው እጅ ገባበት፤ ለብዙ አገር በቀል የዓሣ ዝርያዎች መጥፋትም ዋና ምክንያት ሆነ። ያው ዓሣ በራሱ ውኃ ቅርስ፣ በሰው ውኃ ጥፋት ነው። የጫሞው ከጠፋ፣ ያመጣው ወንዝ ተመልሶ አይፈስም። በአዲስ አበባ ገበታችን ላይ የሚቀርበውን ዓሣ መጠኑንና መነሻውን መጠየቅ ከእኛ ይጀምራል።