ወላድን በእግሯ ማቆም

የወለደች ሴት በሐበሻም ሆነ በሶማሌ ቤት ለብቻዋ አትተውም፡፡ በኢትዮጵያ አራሷ አጥሚትና ገንፎ እየቀረበላት ትታረሳለች፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓትም ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፡፡ ማሕሙድ ሃይቤን በመሰሉ የሐርጌሳ ሰፈሮችም ወላዷ 40 ቀን በቤቷ ሰንብታ በዘመድ አዝማድ ደስታ ትወጣለች፡፡ መውለድ ሰውነትን እንደሚያደክም፣ ጉልበትም በጊዜና በእንክብካቤ እንደሚመለስ ሁለቱም ባህሎች ቀድመው ተረድተዋል፡፡

ፊዚዮቴራፒ በዚህ ዕረፍት ላይ የጨመረው የታቀደ እንቅስቃሴን ነው፡፡ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወላድ ለብዙ ቀናት ከአልጋ እንዳትወርድ ይታዘዝ ነበር፡፡ በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ትሠራ የነበረችው ሚኒ ራንደል ለእናቶች የሰውነት እንቅስቃሴ በማስተማር ፈር ቀደደች፡፡ እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል ፊኛንና ማህፀንን ከታች ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች በልምምድ እንደሚጠነክሩ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ፡፡

በኢትዮጵያ ሙያው ከወሊድ ጋር በጉልህ የተገናኘው በከባድ ጉዳት በኩል ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የገቡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ፡፡ ምጥ ለቀናት ሲጠና የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከአጥንት ጋር አጣብቆ የደም ዝውውርን ይገታል፤ የሞተው ሥጋ ሲወድቅ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስበት ቀዳዳ ይቀራል፡፡ ጉዳቱ በዚህ ላያበቃ ይችላል፡፡ ነርቭ ከተጨፈለቀ እግር ይዝላል፡፡ ሽንቱ ያቆምልኝ እንደሆነ ብላ ለወራት ተኮራምታ የተኛች ሴት ደግሞ መገጣጠሚያዎቿ ደርቀው መቆም ያቅታታል፡፡

እንዲህ ያለችው ታካሚ ለቀዶ ጥገና ከመቅረቧ በፊት እግሮቿ በፊዚዮቴራፒ ቀስ በቀስ መፍታታት አለባቸው፤ ከዚያም እንደገና መራመድን ትለማመዳለች፡፡ ቀዳዳው ተደፍኖም ጡንቻው ደክሞ ሽንት የሚያመልጣት አለች፤ ለእርሷም ልምምዱ ይቀጥላል፡፡ ሆስፒታሉ ያስተማረው ትልቁ ነገር፣ ቁስል ስለዳነ ብቻ ሴት ዳነች እንደማይባል ነው፡፡ ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ2020 በአዲስ አበባ ሲያርፉ፣ ሥራው ሐረርን ጨምሮ በክልል ከተሞች ማዕከላት ነበሩት፡፡

ያልተጎዳች ነፍሰ ጡርም ከዚህ ዕውቀት ትጠቀማለች፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ በእርግዝና ወቅት የሚመጣን የወገብና የዳሌ ሕመም ለመከላከል የዘወትር እንቅስቃሴን መክሯል፤ ሕመሙ ለጀመራትም ፊዚዮቴራፒን ከሕክምና አማራጮች አንዱ አድርጎታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የሚከለክል የጤና ችግር ለሌለባቸው ነፍሰ ጡሮችና ወላዶች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንደሚበጅ አስታውቋል፡፡ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ከዚህ ይቆጠራል፡፡ የታችኛውን ጡንቻ ማጠንከር በእርግዝና ጊዜ ከተጀመረ፣ ከወሊድ በኋላ ሽንት የማምለጡን ዕድል ይቀንሳል፡፡

ሆኖም እንቅስቃሴ ለተዘጋ ምጥ መፍትሔ አይሆንም፤ የፊስቱላንም ቀዳዳ አይደፍንም፡፡ ለመጀመሪያው በጊዜ ሆስፒታል መድረስ፣ ለሁለተኛው በአብዛኛው ቀዶ ጥገና የግድ ነው፡፡ በሐርጌሳ ተወላጇ አዋላጅ ነርስ ኤድና አዳን ኢስማኢል እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት የወሊድ ሆስፒታል አዋላጆችን ወደ ማሠልጠን የገባውም፣ የእናት ሕይወት በሠለጠነ እጅ ላይ ስለሚወሰን ነው፡፡

ብዙ ሴቶች ግን ሽንት ማምለጡን፣ የወገብ ሕመሙን «የወሊድ ዕጣ ነው» ተብለው በዝምታ ይሸከሙታል፡፡ የአራስነት ወግ እናትን አክብሮ ያሳርፋታል፤ አርባው ቀን ካለፈ በኋላ ሕመሟን የሚጠይቅላት ሰው ካገኘች ደግሞ ዕረፍቱ ፍሬ ያፈራል፡፡ መውለድ የሚያከብራትን ያህል፣ የተጎዳ ሰውነቷን ማሳከምም የሚያሳፍራት አይደለም፡፡