አውጥቶ ማጥናት

ለበዓል ወደ ዘመሮ ሄጄ ሳለ የእህቴ ልጅ ለ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀ ነበር። ባና ተከናንቦ ከቴሌግራም ያወረደውን የባዮሎጂ ማስታወሻ በስልኩ ያነባል። ስንት ጊዜ እንዳነበበው ጠየቅሁት። «አራቴ» አለኝ። ስልኩን ተቀበልኩትና «በል፣ ሕዋስ ሲከፋፈል የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ንገረኝ» አልኩት። ፕሮፌዝን ጠራ፣ ሜታፌዝን ጠራ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«አውቀዋለሁ እኮ ጋሼ! ሳየው አውቀዋለሁ።»

ነገሩ ያለው «ሳየው» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። አይቶ መለየት አንድ ነገር ነው፤ ሳያዩ ከራስ ማምጣት ደግሞ ሌላ። መጽሐፉን ዘግተው፣ የተማሩትን ከአእምሮ እያወጡ መለማመድን የሥነ ልቦና ሰዎች «ሪትሪቫል ፕራክቲስ» ይሉታል። «ሰርስሮ ማውጣት» ተብሎ ሲተረጎም አይቻለሁ፤ ለኮምፒውተር ይሁንለት፣ ተማሪን ግን ግድግዳ የሚሰረስር ሌባ ያስመስለዋል። እኔ «አውጥቶ ማጥናት» ብለው እመርጣለሁ። «ማጥናት» ራሱ ከግእዙ «አጽንዐ» የመጣ ነው፤ ማጽናት፣ ማጠንከር ማለት ነው። በኋላ ነው ገጽ ላይ ዓይን ማንከባለል ሁሉ ጥናት የተባለው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኬ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አነበበው። ሌላው አንዴ አንብቦ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ያስታወሰውን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ 83 በመቶውን፣ ጸሐፊዎቹ 71 በመቶውን አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ ወደ 40 በመቶ ወረዱ፣ ጸሐፊዎቹ 61 ላይ ቆዩ። የሚገርመው፣ ደጋግመው ያነበቡት ናቸው የበለጠ እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት። የእህቴ ልጅ ብቻውን አይደለም።

የአብነት ተማሪ ይህን ቢሰማ አይደነቅም። የቃል ትምህርት ማታ፣ በጨለማ ነው። የኔታ ይሉታል፣ ልጁ ይቀበላል፤ ኋላ መጽሐፍ ሳያይ ያወርደዋል፤ ሲስት እዚያው ይታረማል። ውዳሴ ማርያም ደግሞ በሰባቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ የሰኞው ክፍል በሰኞ ተመልሶ ይመጣል፤ ልክ መርሳት ሲጀምር። ይህን ሁለተኛውን ብልሃት፣ «ስፔስድ ፕራክቲስ» የሚሉትን፣ «አራርቆ ማጥናት» እንበለው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ፣ በአንድ ቀን ከታጨቀ ድግግሞሽ ይልቅ በቀናት የተከፋፈለው ያነሰ ልፋት እንደሚጠይቅ አሳይቷል።

አንድ ነገር ግን አልሸፍንም። የአብነት ተማሪው ግእዙን ትርጉሙን ሳያውቅ አጣርቶ ሊያወርደው ይችላል፤ ትርጓሜው የሚመጣው ገና በኋላ ነው። ለባዮሎጂ ይህ አይበቃም። ተማሪው ያወጣውን በራሱ አነጋገር ማስረዳት አለበት።

የኦንላይን ትምህርታችን ግን በአመዛኙ ማውጣት ላይ ሳይሆን ማስገባት ላይ ተጠምዷል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌግራም ዞረ፤ ብዙዎቻችንም በልጆቻችን ስልክ ላይ የማስታወሻ ክምር አየን። ቴሌግራም ላይ የምርጫ ጥያቄ አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን አራቱን አማራጭ ደርድሮ ሲያቀርብ ተማሪው መልሱን አያወጣም፣ ይለያል። መምህሩ አማራጮቹን ሳያሳይ ጥያቄውን ብቻ ቢልክ፣ ተማሪው መልሱን ደብተሩ ላይ ከጻፈ በኋላ ማብራሪያው ቢመጣለት፣ ያው ጥያቄ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ደግሞም ከሳምንት በኋላ ቢመለስ ያለ ተጨማሪ ወጪ ብዙ ይለወጣል። አውጥቶ ማጥናት ራሱ ደግሞ ኔትወርክ አይጠይቅም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ፒዲኤፉ ማውረጃ አጣ እንጂ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አልጠፉም።

የእህቴን ልጅ ያን ዕለት ስልኩን ሳልመልስለት ያወቀውን ሁሉ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደረግሁት፤ ከዚያ ከማስታወሻው ጋር አስተያይቶ የጎደለውን በቀይ ሞላ። አናፌዝን ሁለት ጊዜ አሰመረባት። በሦስተኛው ቀን ልመለስ መኪና ላይ ከወጣሁ በኋላ በመስኮቱ ጠየቅሁት። ሦስቱን ሳይደናቀፍ ጠራቸው። «አራተኛውስ?» ስለው «ቆይ፣ አትንገረኝ ጋሼ፣ ቆይ…» እንዳለ መኪናው ተነሣ።