መንግሥት ሲያቆስል

ሃርጌሳ ውስጥ ሰው ሲቆስል፣ ቁስሉ የእሱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በሶማሌዎች ልማዳዊ ሕግ፣ በሔር፣ ጉዳዩን የሚይዙት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ናቸው፤ ካሳውንም አዋጥቶ የሚከፍለው የአጥፊው ጎሳ ነው። ክፍያው «መግ» ይባላል፤ እኛ ጉማ ወይም የደም ካሳ የምንለው ዓይነት ነው። ለተገደለ ወንድ 100 ግመል፣ ለሴት 50። ይህ የግማሽ ተመን ዛሬ ሲሰሙት ያማል። የአካል ጉዳትም እንደየክብደቱ ይተመናል። እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ ሥርዓቱን አላፈረሱትም፤ መግ አብረው የሚከፍሉ ቡድኖች ውላቸውን አስጽፈው በአውራጃው ሹም ጽሕፈት ቤት ያስቀምጡ ነበር።

ያቆሰለው መንግሥት ራሱ ሲሆንስ ሽማግሌ ወደ የትኛው ጎሳ ይላካል?

በ1981 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወጣት ሐኪሞች፣ መምህራንና ነጋዴዎች የሃርጌሳን ሆስፒታል በራሳቸው ጉልበትና ገንዘብ ለማደስ ተነሡ። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ መንግሥት ይህን እንደ ክህደት ቆጥሮ አሰራቸው። በየካቲት 1982 ለፍርድ ሲቀርቡ የከተማዋ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ከታሳሪዎቹ አንዱ፣ ነጋዴው ባሼ አብዲ ዩሱፍ፣ ሰባት ዓመት ገደማ ታሰረ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተዘግቶበት። በ1988 ደግሞ ከሃርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሡ የጦር አውሮፕላኖች ሃርጌሳን ራሷን ደበደቡ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ በጅጅጋ አቅራቢያ በሃርትሼክና በሌሎች ካምፖች ሰፈረ።

የዚያ መንግሥት የመከላከያ ሚኒስትር፣ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መሐመድ አሊ ሳማታር በስተመጨረሻ ቨርጂኒያ ገብተው ኖሩ። ባሼም አሜሪካ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ግን ሳማታርን በወንጀል ሊከስ አልቻለም፤ የአሜሪካ የማሰቃየት ወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ1994 ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። የቀረው መንገድ መኪና የገጨው ሰው የሚሄድበት ነው፦ የፍትሐ ብሔር ክስ፣ የጉዳት ካሳ።

ይህን መንገድ ቀድመው ከረገጡት መካከል ኢትዮጵያውያት አሉ። እጅጋየሁ ታዬ፣ በቀይ ሽብር ዘመን የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረውን ቀልቤሳ ነገዎን አትላንታ ውስጥ በምትሠራበት ሆቴል ተቀጥሮ አገኘችው። እሷና ሁለት ሌሎች ሴቶች ከሰሱት፤ በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ተፈረደ።

ባሼና ሌሎች ሶማሌዎች በ2004 ከሰሱ። ሳማታር የባለሥልጣን ከለላ ጠየቁ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2010 የውጭ መንግሥታት ከለላ ሕግ ግለሰብ ሹማምንትን እንደማይሸፍን በአንድ ድምፅ ወሰነ። በ2012 ተከሳሹ ኃላፊነቱን መከራከር ተዉ፤ ዳኛ ሊዮኒ ብሪንከማ ለሰባት ከሳሾች 21 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ። ሳማታር ግን ቀደም ብለው መክሰራቸውን ለፍርድ ቤት አሳውቀው ነበር፤ እንደ መግ የሚያዋጣላቸው ጎሳም በዚህ ሕግ የለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ የሰሜን ሶማሊያ ገበሬም ተራው ደረሰው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዩሱፍ አብዲ አሊ የተባለ የጦር አዛዥ አምስት ጊዜ ተኩሶበት፣ ቅበሩት የተባሉት ወታደሮች በሕይወት መኖሩን አይተው ጉቦ ተቀብለው ለቤተሰቡ ሰጡት። በግንቦት 2019 የቨርጂኒያ የሕዝብ ዳኞች አዛዡን በማሰቃየት ኃላፊ አድርገው ለገበሬው 500,000 ዶላር ወሰኑለት።