የሐይቅ ዳርቻ ጥበቃ በመኖሪያ ቤቶች ልማት ፕሮጀክት ግምገማ

የሐይቅ ዳርቻ ውሃና የብስ የሚገናኙበት ጠባብ መሬት ነው። በዚህ መሬት ላይ የሚበቅሉት ደንገል፣ ቄጠማና ሌሎች ዕፅዋት በጎርፍ የሚመጣውን ደለል ያስቀራሉ፤ ለዓሦች መራቢያ፣ ለወፎችም መጠለያ ይሆናሉ። በመሆኑም በሐይቅ አጠገብ የመኖሪያ መንደር ለመገንባት ሲታቀድ የዳርቻው ደኅንነት ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት መመርመር ይኖርበታል።

የጥበቃው አስፈላጊነት

የሐዋሳ ሐይቅም ሆነ እንደ ባቦጋያ ያሉ የቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ውሃቸውን የሚያወጣ ወንዝ የላቸውም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የገባ ብክለት ታጥቦ የሚወጣበት መንገድ የለም። የጣና ሐይቅ በስፋቱ ከሀገሪቱ ሐይቆች ቀዳሚ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር በታች በመሆኑ ለደለል የተጋለጠ ነው። ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስለሚይዝ የአልጌንና የእምቦጭን እድገት ያፋጥናል። የጠፋን የዳርቻ ዕፅዋት መልሶ ማልማት ደግሞ አስቀድሞ ከመጠበቅ እጅግ የከበደ ሥራ ነው።

ሕጋዊ መሠረት

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ አካል ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ደንግጓል። በአዋጁ መሠረት የግምገማ ሰነዱ መጽደቁ የፕሮጀክቱን ባለቤት በኋላ ለሚያደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት ነጻ አያደርገውም።

በግምገማ ወቅት የሚታዩ ዋና ዋና ጉዳዮች

• የርቀት መነሻ፦ በተለምዶ ባፈር ዞን የሚባለው ከግንባታ ነጻ የሆነ ቀጠና በበጋ ከሚታየው የውሃ ጠርዝ ብቻ ከተለካ ሐይቁ ሲሞላ ቤቶቹ በውሃ ሊከበቡ ይችላሉ። ስለዚህ ልኬቱ ሐይቁ ቀደም ሲል የደረሰበትን ከፍተኛ የውሃ ወለል መነሻ ቢያደርግ ይመረጣል።
• ተዳፋትና አፈር፦ መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩም በቀላሉ የሚሸረሸር ከሆነ ሰፋ ያለ ቀጠና ያስፈልጋል።
• የፍሳሽ አወጋገድ፦ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ስፍራ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርግ ፍሳሽ ወደ ሐይቁ ይደርሳል። የማጠራቀሚያው ቦታ፣ ዓይነትና የማስወገጃ ዘዴ በዕቅዱ በግልጽ መቀመጥ ይኖርበታል።
• የዝናብ ጎርፍ፦ ጣሪያና አስፋልት ውሃ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ስለሚያግዱ የጎርፉ መጠን ይጨምራል። ውሃው ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት የሚረጋበትና ደለሉን የሚጥልበት ስፍራ መዘጋጀት አለበት።
• የሕዝብ መተላለፊያ፦ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ከብት አጠጪዎችና ለባህላዊ ሥርዓት ወደ ሐይቁ የሚወርዱ ሰዎች መንገዳቸው በአጥር እንዳይዘጋ ይታያል።
• የድምር ተጽዕኖ፦ አንድ መንደር ብቻውን የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ቢመስልም በዙሪያው ካሉት ሆቴሎች፣ እርሻዎችና ቤቶች ጋር ተደምሮ ይመዘናል።

የዜጎች ተሳትፎ

አዋጁ የግምገማ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና በተለይም በፕሮጀክቱ ሊነካ የሚችለው ኅብረተሰብ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። አስተያየት የሚያቀርብ ዜጋ የቦታውን መገኛ፣ የሚያሳስበውን ጉዳይና የተመለከተውን ነገር፣ ለምሳሌ ውሃው በክረምት እስከ የት እንደሚደርስ፣ በጽሑፍ ቢገልጽ ለገምጋሚዎች ይጠቅማል። በአካባቢው ለረጅም ዓመታት የኖሩ ሰዎች ዕውቀት በካርታ ላይ የማይገኝ መረጃ ሊሰጥ ይችላል።

በውሳኔው ቅር የተሰኘ ማንኛውም ሰው አቤቱታውን ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ አካል ኃላፊ ማቅረብ ይችላል። በአዋጁ መሠረት ምላሹ አቤቱታው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ ይሰጣል።

ከፈቃድ በኋላ

ፈቃድ በቅድመ ሁኔታ ሊሰጥ ስለሚችል አፈጻጸሙ ክትትል ያስፈልገዋል። ቤት ወይም ቦታ ለመግዛት ያሰበ ሰውም ውል ከመፈረሙ በፊት ፕሮጀክቱ የአካባቢ ፈቃድ ማግኘቱንና ቦታው ከከለላ ቀጠናው ውጭ መሆኑን ማረጋገጥ ይጠቅመዋል።